ቅዳሜና እሁድ በፔናንግ፦ ከነልጆች የማሌዥያን ምግብ ለመቅመስ የአሠራር መመሪያ

ፔናንግ ውስጥ እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ሰዓት አለው። ጠዋት የሚጋገረው ቂጣ ምሳ ላይ የለም። ማታ የሚጠበሰውን ኑድል ቀን ላይ ብትፈልጉት የሚሸጥበት ጋሪ በላስቲክ ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ የምትበሉትን በየሰዓቱ መድቡ፣ የምትጎበኙት ቦታ በመሃል ይግባ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ሙዚየሙንና ቤተ መቅደሱን አስቀድሞ ይይዝና ምግቡን "እግረ መንገዳችንን" ይለዋል። ከዚያ ልጆቹ ሲርባቸው ያገኙት ሞል ውስጥ ገብተው፣ የትም አገር የሚገኝ በርገር በልተው ይመለሳሉ። ያሳዝናል።

ፔናንግ በማሌዥያ ሰሜን ምዕራብ ያለች ደሴት ናት። ከተማዋ ጆርጅ ታውን ከመላካ ከተማ ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ጥሩ ምግብ በአገሪቱ ዋና ከተማ በኳላ ላምፑርም አለ፣ በኢፖ ከተማም አለ። ለሁለት ቀን ግን ፔናንግን የምመርጠው አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለው ነገር አብዛኛው በእግር ስለሚደረስ ነው። ልጅ ይዞ በመኪና ከሰፈር ሰፈር መንከራተት የለም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ከዚህ በታች ያለው ሰዓት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሱቅ በር ላይ ጠዋት 7 የሚል ካያችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ማሌዥያ ከኢትዮጵያ በ5 ሰዓት ትቀድማለች።

1. ማን ምን እንደሚያበስል ቀድማችሁ እወቁ

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት። የማሌዥያ ምግብ ከአንድ ማጀት የወጣ አይደለም። ፔናንግ የወደብ ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ላይት በ1786 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከያዛት ወዲህ ቻይናው፣ ህንዱ፣ ዓረቡ፣ አርመኑ ሁሉ ለንግድና ለሥራ መጥቶባታል። ማላዮቹ ደግሞ ከዚያም በፊት ነበሩ። ሁሉም ማጀቱን ይዞ ቀረ። የትኛው ማጀት እንደሆነ ካወቃችሁ ሰሃኑ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል ሳትጠይቁ ግማሹን ታውቃላችሁ።

የማላዮቹ ምግብ ሙስሊሞች የሚሠሩት ስለሆነ ሐላል ነው፤ አሳማም አልኮልም የለበትም። ናሲ ለማክ የሚባለው ሩዝ ከዚህ ይመደባል። ሩዙ በኮኮናት ወተትና ፓንዳን በሚባል መዓዛማ ቅጠል ይበስላል። አጠገቡ ሳምባል የሚሉት የቃሪያ ድልህ፣ የደረቁ ትናንሽ ዓሣዎች፣ ለውዝ፣ ኪያርና እንቁላል ይደረጋል። ሳቴ የሚባለው፣ በእንጨት ተሰክቶ በከሰል የሚጠበሰው ሥጋም ከዚሁ ማጀት ነው።

የቻይናዎቹ ምግብ አብዛኛው የኑድል፣ የሾርባና የጥብስ ነው። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። አሳማና የአሳማ ስብ በብዙ ሰሃን ውስጥ አለ፤ አንዳንዴ በዓይን አይታይም። ሆኪየን ሚ የሚባለውን የፔናንግ ሾርባ ብታዩት የሽሪምፕ ሾርባ ነው የሚመስለው፤ ግን በተለምዶ የአሳማ አጥንትም ይቀቀልበታል። ከሪ ሚ በሚባለው የኮኮናት ሾርባ ላይ ደግሞ የረጋ የአሳማ ደም ተቆራርጦ ሊገባ ይችላል። ከእኛ ቤት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ፣ ይሄን ሳያውቁ መቀመጥ በኋላ ቅሬታ ያመጣል። ሽሪምፕና ዛጎል የማይነካ የኦርቶዶክስ ቤተሰብም ብዙ ነው። እናት ወይም አያት አብረው ካሉ ነገሩን ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መከራከር አይጥምም።

"አሳማ የለም፣ የአሳማ ስብ የለም" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቤት ሐላል ነው ማለት አይደለም። ለሐላል የሚታየው ጃኪም የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ክብ ምልክት ነው። ትንንሽ የማላይ ጋሪዎች ምልክቱን ላይለጥፉ ይችላሉ።

የህንዶቹ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የታሚሎች (የደቡብ ህንድ ሰዎች) ማጀት ሲሆን ሥጋ የማይገባባቸው ቤቶች የሚበዙት እዚያ ነው። ሁለተኛው የህንድ ሙስሊሞች ነው፤ ማማክ ይሏቸዋል። ሮቲ ቻናይ፣ ናሲ ካንዳርና የሚጎተተው ሻይ የእነሱ ነው።

አራተኛ የኞኛ ማጀት አለ። ቀድመው የመጡ ቻይናዎች ከአገሬው ጋር ተዋልደው የፈጠሩት ነው። የቻይና አሠራርና የማላይ ቅመም ይገናኙበታል። በየቀለሙ የሚሠሩት፣ ኩዌህ የሚባሉት የሩዝና የኮኮናት ጣፋጮች በአብዛኛው የዚህ ማጀት ናቸው። ልጆች በቀለማቸው ብቻ ይማረካሉ።

2. መንገዱንና ማደሪያውን ያዙ

ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምትመጡ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ፤ ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅም ይጠየቃል። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የማሌዥያን ዲጂታል የመግቢያ ካርድ በኢንተርኔት ሙሉ። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ተሳስታችኋል፣ ውጡ። ቪዛውን ከኤምባሲው አጣሩ፤ እንደያዛችሁት ፓስፖርት ይለያያል።

ከኳላ ላምፑር ፔናንግ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን 1 ሰዓት ይፈጃል። እኔ ግን ልጅ ላለው ሰው ባቡሩን እመክራለሁ። ኢቲኤስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ባቡር ኬኤል ሴንትራል ከሚባለው የኳላ ላምፑር ጣቢያ ተነስቶ 4 ሰዓት ገደማ ተጉዞ ከደሴቷ ማዶ ወዳለችው በተርዎርዝ ወደምትባል ከተማ ያደርሳችኋል። ልጆች ይንቀሳቀሳሉ፣ ሽንት ቤት አለ፣ መስኮቱ ላይ የሩዝ እርሻና የፓልም ዛፍ እያዩ ይሄዳሉ። ቲኬቱን በባቡር ድርጅቱ በኬቲኤም መተግበሪያ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ለቅዳሜና እሁድ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ቶሎ ያልቃል።

በተርዎርዝ ላይ ከባቡሩ ወርዳችሁ ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው ጀልባ ጋ በእግር ትደርሳላችሁ። መሻገሪያው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ለልጆች ይቺ ጀልባ ራሷ ጉብኝት ናት። ማታ መሽቶባችሁ ከደረሳችሁ ግን የጀልባው አገልግሎት ሊያበቃ ስለሚችል ግራብ በሚባለው የታክሲ መተግበሪያ መኪና ጥሩና በድልድዩ ተሻገሩ።

ከተቻለ ዓርብ ማታ ግቡ። ቅዳሜ ጠዋት ከኳላ ላምፑር ከተነሳችሁ የቅዳሜ ቁርስ አመለጣችሁ ማለት ነው። የፔናንግ ቁርስ ደግሞ ሊያመልጣችሁ የሚገባ አይደለም።

ማደሪያችሁ የቅርሱ ክልል ውስጥ ይሁን። ካምቤል ጎዳና፣ ቹሊያ ጎዳና፣ አርመን ጎዳና አካባቢ ያለው ጥሩ ነው። ላቭ ሌን በሚባለው ጎዳና ላይ ግን ሌሊት የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ስላለ ከሕፃናት ጋር አትያዙ። የውጭ ዜጋ በአንድ ክፍል በአዳር 10 ሪንጊት (የማሌዥያ ገንዘብ ነው) የቱሪዝም ግብር ይከፍላል። ሆቴሎች መግቢያ ላይ ስለሚጠይቁት አትደንግጡ፣ አላጭበረበሯችሁም።

3. ኪሳችሁንና ቦርሳችሁን አዘጋጁ

ዝርዝር ገንዘብ ያዙ፤ የ1፣ የ5፣ የ10 ሪንጊት። ብዙ ሻጮች በስልክ በኪውአር ይቀበላሉ፣ ግን ያ የአገሬው ባንክ ወይም የስልክ ዋሌት ይፈልጋል። ጋሪ ላይ 100 ሪንጊት አውጥቶ 2 ሪንጊት ሻይ መክፈል ሻጩንም እናንተንም ያስቸግራል። ዋጋው ብዙ አይደለም። በቅጠል የተጠቀለለ ትንሽ ናሲ ለማክ ከ2 እስከ 5 ሪንጊት፣ አንድ ሮቲ ቻናይ 2 ሪንጊት አካባቢ፣ አንድ ሰሃን የተጠበሰ ኑድል ከ8 እስከ 12 ሪንጊት ገደማ ብላችሁ ብታስቡ ብዙም አትሳሳቱም።

ሶፍት ያዙ። ጋሪ ላይ ሶፍት በነፃ አይቀርብም። ዋይፕስ፣ ጃንጥላ፣ ለልጅ ቅያሪ ልብስ፣ ኦአርኤስ። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ወበቁ ከባድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። የልጅ ጋሪ ካላችሁ ቀላሏን አምጡ። የጆርጅ ታውን ቤቶች ፊት ለፊት ጣሪያ ያለው መተላለፊያ አላቸው፤ ግን ወለሉ ከቤት ቤት ከፍና ዝቅ ይላል፣ ሞተር ሳይክልም ይቆምበታል። ትንሽ ልጅ በጀርባ ማዘል ከምንም ይሻላል።

4. ሆከር ሴንተር ውስጥ እንዴት ይታዘዛል?

ሆከር ሴንተር ማለት ብዙ የምግብ ጋሪዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ጠረጴዛውን በጋራ የሚጠቀሙበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ጋሪ አንድ ወይም ሁለት ምግብ ብቻ ነው የሚሠራው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ሲሠራ የኖረ ሰው እጅ ላይ ነው የምትበሉት።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ያዙ። አንድ ትልቅ ሰው ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ካለ አስታውሱት። ሌላው ሰው ወደ ጋሪዎቹ ሄዶ ይዘዝ፣ ቁጥሩን ይንገር። ቁጥር ከሌለ በእጅ ማሳየት በቂ ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ ምግቡ ሲመጣ ነው። መጠጥ የሚያመጣው ሰው ለብቻው ነው፣ ራሱ ይመጣና ይጠይቃችኋል። ኮፒቲያም በሚባሉት አሮጌ ቡና ቤቶች ውስጥ የቤቱ ባለቤት የሚያገኘው ከመጠጡ ስለሆነ በሰው ልክ መጠጥ ማዘዝ ወግ ነው። የራሳችሁን ውኃ አውጥታችሁ ብቻ አትቀመጡ።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰሃን አትዘዙ። ይሄ ሌላው ትልቅ ምክሬ ነው። ለአራት ሰው ሁለት ሰሃን አምጥታችሁ አብራችሁ ብሉ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ጨምሩ። ከአንድ ትሪ መብላት ለእኛ የሚከብድ ነገር አይደለም። እንዲህ ካደረጋችሁ ማታ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ አምስት ስድስት ዓይነት ትቀምሳላችሁ። ልጅ ያልወደደውም ሰሃን አይባክንም።

ሻጩን እንዴት እንደምትጠሩት እወቁ። በዕድሜ ገፋ ያለ ቻይና "አንክል" ወይም "አንቲ" ይባላል። ማላይ ከሆነ ወንዱ "አባንግ"፣ ሴቷ "ካካክ" ናቸው፤ እንደ ታላቅ ወንድምና እንደ ታላቅ እህት። የማማኩን ሰውዬ "አኔ" ትሉታላችሁ። በዝምድና ስም ተጠርቶ ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ የለም።

ጥቂት ቃላት በስልካችሁ ላይ ጻፉ። "ታ ናክ ፐዳስ" ማለት አታቃጥለው ነው፣ ለልጆች ሰሃን ሁልጊዜ ተናገሩት። "ኩራንግ ማኒስ" ስኳሩን ቀንስ ነው፣ ለመጠጥ ሁሉ ያስፈልጋል። "አዳ ባቢ?" አሳማ አለው ወይ? "አዳ ኡዳንግ?" ሽሪምፕ አለው ወይ? "ካቻንግ" ለውዝ ነው፤ አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ ይቺን ቃል አትርሱ፣ የሳቴው ስጎ በሙሉ ለውዝ ነውና። "ቡንግኩስ" ጠቅልልልኝ ነው። "ትሪማ ካሲህ" አመሰግናለሁ።

ስለ ንጽሕና ብዙ አትጨነቁ፣ ግን አስተውሉ። ዓይናችሁ እያየ የሚበስለውን፣ ትኩሱን ብሉ። ሰው የተሰለፈበትን ምረጡ፤ እዚያ ምግብ አያድርም። ተቆራርጦ የዋለ ፍራፍሬ ተዉ። መሃሉ ቀዳዳ ያለው ሲሊንደር መሳይ በረዶ ከፋብሪካ የሚመጣ ነው። የቧንቧ ውኃ ግን አትጠጡ፣ የታሸገ ግዙ።

5. ቅዳሜ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ሙቀቱ ገና አልበረታም፣ ጎዳናው ጸጥ ያለ ነው። ለቁርስ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ሮቲ ቻናይ ነው። ትራንስፈር ጎዳና ላይ ጠዋት ጠዋት የሚጋግሩ አሉ። ጋጋሪው ዘይት የጠጣውን ሊጥ በእጁ እያወዛወዘ በአየር ላይ ይዘረጋዋል፣ በስሱ ወጥሮ ያጥፈዋል፣ ከዚያ ምጣዱ ላይ። በምስር ዳል ወይም በካሪ ይበላል። ለልጆች በስኳር ወይም ሙዝ የገባበትን እዘዙ። እንደ ረጅም ሾጣጣ ቆብ የሚቆመውን ሮቲ ቲሱ ካገኛችሁ ደግሞ ልጆቹ ፎቶ ሳያነሱ አይነኩትም።

ከእሱ ጋር ቴ ታሪክ እዘዙ። ሻዩ ከጣፋጭ ወተት ጋር ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ከላይ ወደ ታች ረጅም መስመር ሠርቶ ይገለበጣል፣ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ። የሚጎተት ሻይ ያስባለው ይሄ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የኮፒቲያም ቁርስ ነው። በከሰል የተጠበሰ ዳቦ ላይ ካያ ይቀባል። ካያ ከኮኮናት ወተት፣ ከእንቁላልና ከስኳር የሚሠራ ማርማላታ ነው። ካምቤል ጎዳና ዳር፣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለው ቶህ ሱን ካፌ በዚህ የታወቀ ነው፤ ዳቦው የሚጠበሰው ከሰል በሚነድበት ምድጃ ውስጥ ነው። አብሮ የሚቀርበው እንቁላል ለብ ያለ፣ ያልበሰለ ነው። ለትንንሽ ልጆች በደንብ እንዲቀቅሉላችሁ ጠይቁ። ቡናውን ቅመሱት። ፍሬው ሲቆላ ስኳርና ማርጋሪን ስለሚጨመርበት ጠቁሮና ወፍሮ ይወጣል፣ በጨርቅ ይጠላል። "ኮፒ" ካላችሁ ከጣፋጭ ወተት ጋር ነው የሚመጣው። "ኮፒ ኦ" ጥቁር ሆኖ ስኳር አለው። "ኮፒ ኦ ኮሶንግ" ስኳርም የለውም። እኛ ቤት የምናውቀውን ቡና እየጠበቃችሁ አትጠጡት። ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ እኔ ወድጄዋለሁ።

ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል በእግር ዙሩ። አርመን ጎዳና ላይ ሠዓሊው ኧርነስት ዛካረቪች በ2012 እ.ኤ.አ. የሣላቸው ሁለት ልጆች በብስክሌት ላይ አሉ። ብስክሌቱ እውነተኛ ነው፣ ግድግዳ ላይ ተተክሏል። ከዚያ ሊትል ኢንዲያ ወደሚባለው የህንዶች ሰፈር አቅኑ። የቅመሙ ሽታ ከሩቅ ይቀበላችኋል። ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ እርዱን ልጆቻችሁ እያሸተቱ ከቤታቸው ጋር ያዛምዱ። በ1801 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካፒታን ክሊንግ መስጊድም እዚያው አጠገብ ነው።

6 ሰዓት ሳይሞላ ለምሳ ተሰለፉ፣ ካለፈ ሰልፉ ይረዝማል። ምሳው ናሲ ካንዳር ነው። ድሮ የህንድ ሙስሊም ሻጮች ሩዝና ወጡን በትከሻቸው ላይ በተጋደመ እንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ለወደብ ሠራተኞች ያዞሩ ነበር። ካንዳር የሚባለው ያ የትከሻ እንጨት ነው። ካምቤል ጎዳና ላይ ያለው ሐሚዲያ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ቤት ነው። ሳህኑ ላይ ሩዝ ይደረግላችኋል፣ ከዚያ የምትፈልጉትን በጣት ታሳያላችሁ፤ ዶሮ፣ በግ፣ ዓሣ፣ ባሚያ፣ ጎመን። ሲጨርስ "ባንጂር" በሉት። ባንጂር ጎርፍ ነው፤ ከየድስቱ መረቅ እየጨለፈ ሩዙን ያጥለቀልቀዋል። ሦስት አራት ዓይነት ወጥ ሲቀላቀል የሚወጣው ጣዕም ለብቻው የትኛውም ድስት ውስጥ የለም። ለልጆች ሰሃን ግን ባንጂር አታስደርጉ፣ ያቃጥላል። ሩዝ፣ የተጠበሰ ዶሮና ኪያር ይበቃቸዋል። ዋጋው የሚሰላው ባነሳችሁት ነው። የዓሣ እንቁላልና ትላልቅ ሽሪምፖች ውድ ናቸው፣ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ከምሳ በኋላ በቀስታ እየሄዳችሁ ፔናንግ ጎዳናን ስታቋርጡ ኬንግ ክዊ የምትባል ጠባብ መንገድ አለች። ሰው ቆሞ የሚበላባት ናት። የሚበሉት ቸንዶል ነው፤ የተፋቀ በረዶ፣ የኮኮናት ወተት፣ ቀይ ባቄላ፣ በፓንዳን አረንጓዴ የሆነ አጫጭር ሊጥና ከላዩ ጉላ መላካ የሚባል ጥቁር የዘንባባ ስኳር። በረዶው ሳይቀልጥ ቶሎ ቶሎ ብሉት። በዚያ ሙቀት ውስጥ ልጆችን ዝም የሚያሰኝ ሌላ ነገር አላውቅም።

ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እረፉ። ሆቴል ግቡ፣ ልጆች ይተኙ፣ እናንተም ተኙ። ይሄን ሰዓት በጉብኝት የሞላ ቤተሰብ ማታ ላይ ተጨቃጭቆ ነው የሚገባው።

ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጋሪዎቹ ይወጣሉ። ሁለት ምርጫ አላችሁ። ገርኒ ድራይቭ ትልቅ ነው፣ ባሕር ዳር ነው፣ ሐላሉና ሐላል ያልሆነው ለየብቻ ስለተከፈለ ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ ይመቻል። ኒው ሌን ደግሞ ትንሽ ጎዳና ነው፣ የቻይና ጋሪ ይበዛበታል። ልጆች ትንንሽ ከሆኑ ገርኒን ምረጡ። ሳቴ፣ ፓሰምቡር የሚባለው የህንድ ሙስሊሞች ሰላጣና ጥብስ ድብልቅ፣ አፖም የሚባል ስስ ጣፋጭ ቂጣ ለመጀመሪያ ጥሩ ናቸው።

ቻር ኩዌ ትያው የሚባለውን የተጠበሰ ኑድል ግን ባትበሉትም እንኳ ሲሠራ እዩት። ጎበዝ ጠባሽ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰሃን ብቻ ነው። ሰፊው መጥበሻ እስኪጨስ ይግላል። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽሪምፕ። ቀጥሎ ጠፍጣፋው የሩዝ ኑድል ይገባል፣ አኩሪ አተር ስጎና የተፈጨ ቃሪያ ይረጭበታል። ኑድሉን ወደ ዳር ገፋ አድርጎ በመሃል እንቁላል ይሰብራል፣ ያማታዋል። የማሾ ቡቃያውና አረንጓዴው ቅጠል የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ እንዳይልም። ነበልባሉ በመጥበሻው ጠርዝ ዘሎ ይገባል፣ ይወጣል፤ ምግቡ ላይ የሚቀረው የጢስ ጠረን ከዚያ የመጣ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው ሥራው። አራት ሰሃን አንድ ላይ የሚጠብስ ካያችሁ እለፉት፤ መጥበሻው ስለሚቀዘቅዝ ኑድሉ ይጠበሳል ከማለት ይቀቀላል ማለት ይቀላል። የአሳማ ስብ የማይጠቀሙ የማላይ ጋሪዎችም ይሠሩታል። ሽሪምፕ የማትበሉ ከሆነ በዶሮ አሠሩት።

6. እሁድ

ጠዋት በማለዳ ወደ ፔናንግ ሂል ሂዱ። 833 ሜትር ከፍታ አለው። ሽቅብ የሚጎተተው ባቡር ሥራ የጀመረው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሁን ያሉት ፉርጎዎች አዲስ ናቸው። እሁድ ሰልፉ ስለሚበዛ ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ። ቁርስ በቅጠል የተጠቀለለ ናሲ ለማክ ከመንገድ ገዝታችሁ ያዙ። ላይ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቁርሱ እዚያ ይጥማል።

ስትወርዱ ኤር ኢታም የሚባለው ሰፈር አጠገባችሁ ነው። ኬክ ሎክ ሲ የሚባለው ግዙፍ የቡድሃ ቤተ መቅደስም እዚያው ነው፤ ደረጃው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ከታች ቢያየው ይበቃል። እዚህ ሰፈር የመጣችሁት ለአሳም ላክሳ ነው። ሲኤንኤን በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓለም ምርጥ 50 ምግቦች ዝርዝር ውስጥ 7ኛ ያደረገው ይሄንን ሾርባ ነው። ዓሣው ይቀቀልና ይፈረፈራል። ሾርባው በሮቃ ይኮመጥጣል፣ የዝንጅብል ዘመድ የሆነ አበባ መዓዛ ይሰጠዋል። ከላዩ ናና፣ ኪያር፣ ሽንኩርት፣ አናናስ ይደረግበታል። ጥቁርና ወፍራም የሽሪምፕ ድልህ በማንኪያ ይቀርባል፤ የማትፈልጉ ከሆነ እንዳያደርጉት ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሾርባው ውስጥም የሽሪምፕ ቅመም ሊኖር ይችላል። ጣዕሙ ኃይለኛ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰሃን ብቻ እዘዙ፣ ሁሉም አንድ አንድ ማንኪያ ይቅመስ። ከዚያ የወደደው ይጨምራል።

ምሳ 7 ሰዓት ላይ ሊትል ኢንዲያ ተመልሳችሁ የሙዝ ቅጠል ሩዝ ብሉ። ቅጠሉ ፊታችሁ ይነጠፋል፣ ሩዝ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት አትክልት፣ ዳልና ፓፓዳም የሚባል ስስ ኩርሽም የሚል ቂጣ ይደረግበታል። ሩዝና አትክልቱ ሲያልቅ ብዙ ቦታ ይጨመርላችኋል። በቀኝ እጅ ነው የሚበላው፣ የእጅ መታጠቢያው ግድግዳው ጋ አለ። ማንኪያ ያልለመዱ ልጆች እዚህ ነፃ ይወጣሉ። ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት፤ በልተን ጠገብን ማለት ነው።

7. ጾም ላይ ከሆናችሁ

ጾም ይዟችሁ ፔናንግ ከገባችሁ አትራቡም። ሊትል ኢንዲያ ያሉት የአትክልት ቤቶች ዋና መጠጊያችሁ ናቸው። ቶሳይን እዘዙ። ከሩዝና ከጥቁር ምስር ሊጥ አቡክተው የሚጋግሩት ስለሆነ እንደ እንጀራ ደስ የሚል ኮምጣጣነት አለው። የህንድ አትክልት ቤት ግን ቅቤና እርጎ ይጠቀማል፣ ሲጋገር በዘይት እንዲሆን ንገሯቸው። የቻይና የአትክልት ቤቶችም ብዙ ናቸው፤ እንቁላል ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ። ቸንዶል የኮኮናት ወተት ብቻ ነው፣ ለጾም ይሆናል።

ዋናው ወጥመድ "በላቻን" የሚባለው ነው። ከሽሪምፕ የሚሠራ ቅመም ሲሆን ሳምባል ውስጥ፣ አንዳንዴም ጎመን ጥብስ ውስጥ አለ። ሳህኑ ላይ አትክልት ብቻ ስለምታዩ ጾም ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ረመዳን ላይ ከሄዳችሁ ደግሞ የማላይና የማማክ ቤቶች ብዙዎቹ ቀን ዝግ ናቸው። በምትኩ ከሰዓት በኋላ የረመዳን ገበያ ይዘረጋል፣ ለማፍጠሪያ የሚገዛው ምግብ ዓይነቱ ለጉድ ነው። ጉዟችሁን ወደ ማታ አሽጋሽጉት።

8. ከመመለሳችሁ በፊት የሚገዛ

ቾውራስታ ገበያ ሂዱ። ፔናንግ የምትታወቅበት ገውዝ እዚያ ይሸጣል። እኛ የምናውቀው ፍሬውን ነው፤ እነሱ ግን የላዩን ሥጋ በስኳር አድርገው ጎምዛዛ ጣፋጭ ይሠሩበታል፣ ጭማቂም ያወጡበታል። አንድ አንድ ቅመሱና የወደዳችሁትን አስመዝኑ። ታው ሳር ፒያህ የሚባለው በማሾ የተሞላ ትንሽ ኬክ ለስጦታ ጥሩ ነው፤ በጥንቱ አሠራር የአሳማ ስብ ስላለበት የሐላል ምልክት ያለበትን ካርቶን ፈልጉ።

ዱሪያን ወቅቱ ከሆነ፣ በአብዛኛው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ፣ ሻጩ ጋ ቆማችሁ እዚያው ብሉ። ሽታው ስለሚገንን ሆቴሎች አያስገቡም፣ አውሮፕላንም አይፈቅድም። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ባቡር ካላችሁ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ጋ ሁኑ። እሁድ ከሰዓት ወረፋ ይኖራል፣ ከነሻንጣና ከነልጅ መሮጥ አያስፈልግም። ለመንገድ የሚሆን ጥቂት ኩዌህ በወረቀት አስጠቅልሉ። ኮኮናት ስላለበት አያድርም፣ ባቡር ውስጥ ጨርሱት።